ያዘመሙ ካሬዎች

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ አባታቸውን «ሰውዬው» ብሎ ጠራቸው። ሰውዬው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ግድግዳው ለስም ያህል ነው፤ አንዱን ክፍል ሁለት ለማድረግ ራሳቸው ከዓመታት በፊት የመቱት ኮምፔንሳቶ ስለሆነ፣ በወዲያ በኩል ያስነጠሰ ሰው በወዲህ በኩል «ይማርህ» ይባላል። «ሰውዬው አያይም እኮ። አንቺ ደግሞ አይተሽ እንዳላየሽ ትሆኛለሽ» አለ ወንድሟ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ሲያስብ ስለሚውል፣ ወደ ቤተሰቡ ሲመጣም ያንኑ ዓይኑን ይዞት ይመጣል። የመጋዙ ማሽን የአባታቸውን ጣት ሳይበላ ወርክሾፑ ይዘጋ ነው የሚለው። «አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ካየሽ ደውዪልኝ፤ በማግስቱ መጥቼ ማሽኑንም አስነሳለሁ፣ በሩንም እቆልፋለሁ» አላት። እሷ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አስተካከለች። ከግድግዳው ማዶ የሬዲዮው ድምፅ ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም።

መምህርት ናት፤ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። አባቷ አናጢ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሼ ልኩ» ይላቸዋል፣ ምክንያቱም በር ለማሠራት የመጣ ሰው ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት «መጀመሪያ ልኩን» ብለው አፉን ስለሚያስይዙት ነው። ሰኞ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ በዚህ ሳምንት ስለ ቅርጾች እንደምታስተምርና ትምህርት ቤቱ ያለው ግን ክቡን አይጥ የበላው አንድ የግድግዳ ወረቀት ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ያየችው የፕላስቲክ ቅርጽ ዋጋው የደመወዟን ግማሽ ይጠጋ ነበር፤ እጇን በኪሷ ከትታ ነው የወጣችው። «እኔ እሠራልሻለሁ» አሉ አባቷ፣ አፏን ከመዝጋቷ በፊት። ስንት ካሬ፣ ስንት ሬክታንግል፣ ስንት ሦስት ማዕዘን እንደምትፈልግ ጠየቁ፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ይበቃል አለች። ሰኞና ማክሰኞ ሌላ ሥራ አልነኩም። ረቡዕ ጠዋት በሩ ሥር አንድ ጆንያ ቆሞ ጠበቃት። ውስጡ የአውራ ጣት ውፍረት ካላቸው እንጨቶች በኮላና በትንንሽ ሚስማር የተገጣጠሙ፣ ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ቅርጾች ነበሩ፤ ሽታቸው ብቻ ሰው ያስደስታል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የቅርጹ ስም በአናጢ እርሳስ በትልልቁ ተጽፏል።

በዚያው ጠዋት አባቷ ሻይ ሲቀዱ አየቻቸው። ግራ እጃቸው ብርጭቆውን ይዞ፣ ሌባ ጣታቸው ከአፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል፤ ሻዩ ጣታቸውን ሲነካው ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረጉ። በጣም ትኩስ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም፣ የለመዱት ይመስላል። እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና እንደገና አሰረች። ቀና ስትል ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ልጆቹ የሚሉትን ሁሉ ትነግሪኛለሽ» አሏት። «ሁሉንም። ደስ የሚለውን መርጠሽ እንዳይሆን።» ሽማግሌ ምስጋና ሲወድ ነው ብላ በልቧ ፈገግ አለችና ጆንያውን ተሸክማ ወጣች።

የክፍሏ ተማሪዎች ሃምሳ አራት ናቸው። ለሁለት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ መሃል የሚገባው ልጅ ለመጻፍ ጎረቤቶቹን ማስፈቀድ አለበት። ስድስት ስድስት አድርጋ ዘጠኝ ቡድን አወጣችና መጀመሪያ ቁርጥራጭ ወረቀት አደለች። ወረቀቱ እንዴትም ቢቀደድ ግድ የለም፤ አንዴ ይታጠፋል፣ ከዚያ የታጠፈው መስመር በራሱ ላይ ተደርቦ ሌላ ጊዜ ይታጠፋል፣ በቃ፣ ጫፉ ላይ ፍጹም ቀጥ ያለ ማዕዘን ይወጣል። ይህንን በየዓመቱ ስታደርገው ልጆቹ ወረቀታቸውን ከጎረቤታቸው ወረቀት ጋር ይገጥሙና እኩል ሆኖ ሲያገኙት ይገረማሉ፤ እሷም አብራቸው ትገረማለች፣ እውነቷን ነው። ወረቀቱን «መርማሪ» ብላ ሰየመችው። ሥራቸው መርማሪውን በየቅርጹ ጥግ እያስገቡ የሚገጥመውንና የማይገጥመውን መለየት ነው። ከዚያ ጆንያውን ፈታች። ጣውላ ጣውላ የሚሸት ነገር ዴስካቸው ላይ ሲቀመጥ ክፍሉ የገበያ ቀን ሆነ፤ አንዱ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ አፍንጫውን አስገብቶ ያያል፣ አንዷ ሬክታንግሉን የፎቶ ፍሬም አድርጋ ፊቷን ታስገባበታለች። ተዉ አላለችም።

ከመስኮቱ በኩል ካለው ቡድን አንዲት ልጅ ብድግ አለች። መምህራን ቢሮ ውስጥ ስሟን የሚያነሳው የለም፤ «ጠበቃዋ» ነው የምትባለው፤ የጥያቄ ወረቀት ሲመለስላት ለግማሽ ነጥብ ይግባኝ የምትል ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ መርማሪው ካሬው ውስጥ አይገባም።»

«ወረቀትሽን በደንብ አጥፈሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። የሷንም ሞከርኩ፣ የሱንም ሞከርኩ። ሬክታንግሉ ላይ ይገባል። እዚህ ላይ ግን አንዱ ጋ ይተርፋል፣ አንዱ ጋ ይጠባል።»

ከኋላም «የኛም አይገባም» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከበሩ በኩልም እንዲሁ። መምህርቷ የራሷን ወረቀት ይዛ ሄደችና አንዱን ካሬ አነሳች። ወረቀቱን ጥጉ ውስጥ ስታስገባው በእንጨቱና በወረቀቱ መካከል የጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱም። ካሬዎቹን ሰብስባ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ባለው የጠመኔ መደርደሪያ ላይ በተራ አቆመቻቸውና ከራቅ ብላ አየቻቸው። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ወደ ጎን ያዘመሙ ነበሩ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ። ጎናቸው ሁሉ እኩል ነው፤ እንጨቶቹ ልካቸውን ጠብቀው ተቆርጠዋል፤ ለዚያ አንድ እንጨት መለኪያ አድርጎ ሌላውን በእጅ አስተካክሎ መቁረጥ ይበቃል። ጥግ መግጠም ግን የዓይን ሥራ ነው። ስኳድራ የሚሉትን የብረት ማዕዘን ጥጉ ላይ ያሳርፉና ወደ ብርሃን ያዞሩታል፤ በብረቱና በእንጨቱ መካከል የብርሃን ክር ከታየ ጥጉ ጠሟል። አባቷ ያንን የብርሃን ክር አላዩትም። ዘጠኝ ጊዜ አላዩትም። የዚያን ቀን ጠዋት ያሰረችው ጫማ እግሯ ላይ የጠበባት መሰላት።

«ሠሪው ተሳስቷል ማለት ነው» አለች ጠበቃዋ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብላ።

«አያይም እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሃምሳ አራት ልጅ ሲስቅ ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር። አሁን ግን ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለው ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። አባቷ ያ ጆንያ በሩ ሥር እንዲቆም ብለው ሁለት ቀን ጎንበስ ብለው ሲለጥፉና ሲመቱ እንደዋሉ አሰበች። «ማንም አልተሳሳተም» አለች፣ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጠንክሮ ወጣ። «እንዲህ አድርጎ እንዲሠራው ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ መቼም ከተዋሸ አይቀር ብላ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሮምበስ» ብላ ጻፈች። ሮምበስ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ሆኖ አረፈው። ልጆቹ በክር ጎኖቹን ለክተው እኩል መሆናቸውን አረጋገጡ፤ እኩል ጎን ብቻውን ካሬ እንደማያደርግ ራሳቸው ደረሱበት። አንደኛው ካሬ ኮላው በደንብ አልያዘ ኖሮ በሁለት እጅ ሲጫኑት ይጠብ፣ ሲለቁት ይሰፋ ጀመር፤ ተሰለፉለት። ሦስት ማዕዘኑን ግን ማንም ሊያዘም አልቻለም፣ ሁለት ጎረምሳ መሳይ ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው ታግለውት ላብ አላባቸው። «ካሬ ሲደክመው ነው ሮምበስ የሚሆነው» አለች አንዲት ትንሽዬ ልጅ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጫጫታ ሰምቶ አንገቱን በበሩ አስገባ፣ ትንሽ አየ፣ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀና ሄደ። መምህርቷ ያንን አድናቆት የተሰረቀ ዕቃ እንደተቀበለ ሰው ተቀበለችው።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ጠበቃዋ አልወጣችም። አንዱን ያዘመመ ካሬ ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻት። «ቲቸር፣ ያዘዙት ሮምበስ ከሆነ ሠሪው ለምን ካሬ ብሎ ጻፈበት?» ለክርክር አልነበረም፤ ልጅቷ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። የእርሳሱ ጽሑፍ ትልልቅ ነው፤ ለልጆች ተብሎ የተጻፈ መስሏት ነበር ጠዋት። አሁን ግን ለማን ዓይን ሲባል በትልቁ እንደተጻፈ ገባት። «ነገ እነግርሻለሁ» አለች፤ ልጅቷም ቀጠሮ እንደተሰጣት ሰው ተቀብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው። ስለ ልጆቹ ጉንፋን፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ትንሽ አወራና ወደ ጉዳዩ መጣ። «ያየሽው ነገር አለ?» አላት። ዘጠኙ ካሬዎች ጆንያው ውስጥ ሆነው ጉልበቷን እየጎሰሟት ነበር። «ምንም የለም» አለችው። በአንድ ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነው። ለውሸት ብዙም ስለማትሆን ስልኩን ዘግታ ትንሽ ቆማ አየር መውሰድ ነበረባት።

ወርክሾፑ ከጎማ ጠጋኙና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል የተሰነቀረ አንድ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ከመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው አለ፤ ወለሉ ላይ የሰጋቱራው ብናኝ እግር ያሰጥማል። መምህርቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ክፍል ደጃፍ አልፋ አታውቅም። ልጅ ሳለች ወንድሟን እየጎተቱ ያስገቡት ነበር፤ እሱ ያለቅሳል። እሷ ልግባ ስትል ደግሞ «ልብስሽ ሰጋቱራ ይሆናል፣ ሂጂ አጥኚ» ትባላለች። ስለዚህ ከአባቷ ጋር የሥራ ወሬ የምታወራው ደጃፉ ላይ ቆማ ነው፤ አሁንም እዚያው ቆመች። አባቷ የሰፈሩ ፋርማሲ ያዘዘውን የመስኮት ፍሬም ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ጥጎቹን በኮላ እያያያዙ ነበር። ገና ሳትናገር በኮቴዋ አወቋት።

«እህ፣ ምን አሉ?»

«ወደዱት፣ አባዬ። ሊለቁት አልፈለጉም።»

«ካሬዎቹንስ?»

«እነሱንም።»

«ማንም ምንም አላለም?»

«ምንም» አለች። ሦስተኛው ነው።

አባቷ ኮላውን አስቀመጡ። የትከሻቸው ውጥረት ሲላላ ከደጃፉ ታያት፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። ደስታቸውን አይታ ደስ ሊላት ሲል፣ እሳቸው ወደ ማሽኑ ሄደው ጨርቁን ገፈፉ። «እንግዲያው የፋርማሲውን በር ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፈራው ነው የከረምኩት። ላንቺ ልንገርሽ፣ ራሴን ተጠራጥሬው ነበር። ሰው ደግሞ አይነግርም። ደንበኛው ጠማማ ሳጥን ይቀበለኝና እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይከበራል። ወንድምሽ ይጮኻል፤ የሚጮህ ሰው ልክ ይሁን አይሁን አይታወቅም። አንቺ ደግሞ ጫማሽን ታስሪያለሽ።» ጣታቸው ማብሪያውን ለማግኘት ማሽኑን ይዳብስ ነበር፤ ሌላኛው እጃቸው የመጋዙ ጥርስ አጠገብ ያለውን ብረት ተደግፏል። «ልጅ ግን አያፍርም። ለዚህ ብዬ ነው ልሥራልሽ ያልኩሽ። ልጆቹ ካሳለፉኝ፣ እጄ ገና አለ ማለት ነው።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት፤ የሰኞ ጠዋቱ ጥድፊያ፣ መርጠሽ እንዳይሆን ያሉት። ለፈተና ተቀምጠው ነበር፤ ፈታኟ እሷ ናት፣ ውጤቱንም አጭበርብራ ሰጥታቸዋለች።

«አባዬ፣ አይንኩት» አለች። «ዋሽቼዎት ነው።»

እጃቸው ባለበት ቆመ።

«ካሬዎቹ አዝምመዋል። ልጆቹ ወዲያው ነው ያወቁት። አንዲት ልጅ አለች፣ እሷ ናት መጀመሪያ ያገኘችው። ሠሪው ተሳስቷል አለች። እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያዘዝኩት ብዬ አፏን ያስያዝኳት።» እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው ቃላቱ ሲቆራረጡባት ነው።

ጎማ ጠጋኙ ከጎን በኩል መዶሻውን ሲያሳርፍ፣ ሲያነሳ ይሰማል። አባቷ «ስንቱ?» ብለው ጠየቁ።

«ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ።»

«ሦስት ማዕዘኖቹና ሬክታንግሎቹስ?»

«እነሱ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«እነሱማ የኔ ሙያ አይደለም። ሬክታንግሎቹን አሮጌ መሳቢያ ውስጥ እያስጠጋሁ ነው የገጠምኳቸው፤ ሦስት እንጨት ደግሞ ራሱን ይጠብቃል» አሉና ትንሽ ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፋቸው ወጣ። ከዚያ የማሽኑን ሶኬት በዳበሳ አግኝተው ነቀሉት፤ ገመዱንም እንደ ወጉ ጠቅልለው አሰሩት፣ ለአንድ ትልቅ ማሽን ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብለው። ሐኪም ቤት ብቻቸውን ሄደው እንደነበረ ነገሯት። ሐኪሙ የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን በዚህ ይጠብቁ ብሎ ጠብታ ሰጥቷቸዋል፤ ጠብታውን ሚስማር ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ እሷ እንዳታይባቸው። «ለወንድምሽ ደውዪለት። ማሽኑን መጥቶ ይውሰድ። ሰውዬው ራሱ ነው የሰጠህ በይው» አሉ። የእሁዷን «ሰውዬው» አልረሷትም። «በሩን ግን አይቆልፍም። በእጅ መጋዝ የማውቀው ሥራ ለዕድሜዬ ይበቃኛል። ያቺንም ልጅ ነገ ልክ ነሽ በያት። ሠሪው ተሳስቷል በያት፣ ስሙንም ንገሪያት።»

«እሺ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ምን እዚያ ያቆምሻል? ግቢ እንጂ። ኮላው ሳይደርቅ።»

ደጃፉን አለፈች። ሰጋቱራው ጫማዋን ዋጠው፤ ማንም ስለ ልብሷ አላነሳም። አባቷ ሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው ጫፉን እሳቸው ያዙና ሌላውን ለእሷ ሰጧት። የመስኮቱ ፍሬም ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ በሰያፍ ይለካል፣ ከዚያ ሌላኛው ሰያፍ ይለካል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ብሏል፣ ካልሆኑ ጠሟል፤ ኮላው ካልደረቀ ግን በመዶሻ ተመትቶ ይቃናል። ይህን ነገር መምህርቷ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው ኖራለች። እንጨት ላይ ግን አንድ ቀን ሞክራው አታውቅም፤ ለዚህ እንደሚሆንም የነገራት የለም። አባቷ ጎንበስ ብለው ጥጉን በአውራ ጣታቸው ፈልገው ሜትሩን አሳረፉበት። ፀጉራቸው ላይ የተቀመጠውን ብናኝ ከቅርብ አየችው፤ ሸበተ የምትለው ግማሹ ሰጋቱራ ነበር።

«ስንት ይላል?»

«መቶ አርባ ሁለት።»

ዞረው ሌላኛውን ጥግ ያዙ። መምህርቷ ሜትሩን ወጥራ ጎንበስ አለች። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል። እኩል ነው ብትላቸው ያምኗታል፤ ከእንግዲህ ያለችውን ሁሉ ያምኗታል፣ የሚያጣሩበት ሌላ መንገድ የላቸውም። ይህ ሲገባት ሜትሩ እጇ ላይ ከበዳት።

«መቶ አርባ ሦስት ከግማሽ» አለች።

«ደግመሽ እይው።»

ደግማ አየችው። «መቶ አርባ ሦስት ከግማሽ ነው፣ አባዬ። ጠሟል።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቀየሙ አይመስሉም። የእንጨቱን መዶሻ ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩና፣ ዕድሜ ልካቸውን ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቋት።

«የት ጋ ልምታው?»